ከሥዕሉ ግርጌ የተኛው ሰው

ከሐሙሲት እስከ ይፋግ ባለው አገር እኔ ያልተሳለምኩት ደጅ፣ እኔ የማላውቀው የግንብ ፍራሽ፣ ታሪኩን አሳምሬ የማልተርከው ድንጋይ የለም። የጥንቶቹ ነገሥታት ከመቃብር ቢነሡ «ይህን ግንብ ለምን ነበር የሠራነው?» ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። የፎገራ ላም እንኳ ስለ አገሩ ቅርስ ግራ ሲገባት ወደ ወረታ ዞራ የምትጮኸው እኔን ፈልጋ ነው።

ይህን ጉራዬን አንዲት ዓይናቸው ሊጠፋ አንድ ሐሙስ የቀራቸው አሮጊት በአንድ ቀን አፈር አበሉት።

ነገሩ የሆነ ሰሞን አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ አለኝ። ሚስቴ ጥላኝ ወደ መተማ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ስትሄድ «ሙላት፣ አንድ ቀን ዝም ብትል ኖሮ አልሄድም ነበር» ብላኝ ነው። ልጅ አልወለድንም። ማታ በሬን ስዘጋ የማወራው ለግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ ቀልድ አይገባውም። ስለዚህ ቀን ቀን ያገኘሁትን ሁሉ እይዛለሁ። ሩዝ ሊገዙ የሚመጡ ነጋዴዎችን መኪናቸው እስኪጫን ድረስ እያዞርኩ ግንብና ገዳም አስጎበኛለሁ። ወደዱም ጠሉም ይጎበኛሉ።

ከእነዚያ ነጋዴዎች አንዱ ናዝሬት ላሉ አሮጊት ጎረቤቱ ስልክ ቁጥሬን ሰጣቸው። በጥር ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወረታ መናኸሪያ ላይ ከሚኒባስ ሲወርዱ ተቀበልኳቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። አንዲት የጨርቅ ቦርሳ ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

«ሙላት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ። ከኔ ሌላ ሙላት ጎንደር ውስጥ የለም።»

«ነጋዴው በጣም ያወራል ብሎኛል።»

«ስም ማጥፋት ነው።»

«እንደሱ ካልሆነስ አልፈልግህም። እኔ ማየት እያቃተኝ ነው፤ የሚያወራ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ።»

አልጋነሽ እባላለሁ አሉኝ። ከመናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ገባን። ለራሴ ፍርፍር አዘዝኩና ምን ልጋብዝዎት ስላቸው እጃቸውን አወዛወዙ።

«ቤተ ክርስቲያኑን ሳልሳለም እህል ውኃ በአፌ አይዞርም። አንተ ብላ።»

«ከፎገራ ቤተ ክርስቲያኖች የትኛውን ነው? እኔ እንደሆነ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ እነሱም ያውቁኛል።»

እማማ አልጋነሽ መነጽራቸውን አወለቁና በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነገሩኝ። የተወለዱት እዚሁ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። በአምስት ዓመታቸው ታመው ሊሞቱ ሲሉ እናታቸው ለማርያም ተሳሉ። ልጅቷ ዳነች። እናት ያለቻቸውን አንዲት ጊደር ነድተው ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል እየተሣለለት ስለነበር ሠዓሊው እናትየውን ከእመቤታችን እግር ሥር አድርጎ ሣላቸው።

የማያውቅ ካለ ልንገረው። በእኛ አገር ለሥዕል የሰጠ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ በደረቱ ተደፍቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ በትንሹ ይሣላል፤ ከሥሩም የክርስትና ስሙ ይጻፋል። ንጉሥም ቢሆን የሚተኛው እዚያው ነው።

«እናቴ በዓመቱ ሞተች» አሉ። «አክስቴ ወደ ናዝሬት ልትወስደኝ ስትል ከግድግዳው አጠገብ አንበረከከችኝና 'እናትሽ ይቻት፤ ሳሚያት፣ ፊቷንም ያዢው' አለችኝ። ልጅ ነኝ፣ ምኑን ልያዝ? ፎቶ የላት። ፊቷ ያለው በዓለም ላይ እዚያች ግድግዳ ላይ ብቻ ነው።»

«እስከ ዛሬ ሳይመጡ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ። ዛሬ ነገ ስል መርፌው ዓይኔን በላው። አሁን ሐኪሙ 'ክረምቱን አይሻገርም' አለኝ፤ ዓይኔን ማለቱ ነው። አንዴ ፊቷን ልየውና ከዚያ ይጥፋ፤ አልቆጭም።»

«የቤተ ክርስቲያኑ ስምስ?»

«ማርያም መሆኗን ነው የማውቅ። ከይፋግ ወደ ሐይቁ ስትሄድ ጉብታ ላይ ናት። ክረምት ሜዳው ውኃ ሲሞላ ጉብታው ደሴት ይሆናል። ከደጁ ወይራ ላይ ሁለት የድንጋይ ደወል ተንጠልጥሏል። እናቴ ያለችው ከመቅደሱ ትልቁ በር በስተቀኝ ነው። የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው።»

የፍርፍሩን ሳህን ወደ ጎን ገፋሁት። 

አንባቢ ሆይ፣ እንግዲህ አልደብቅህም። ቤተ ክርስቲያኑን አውቀዋለሁ። ከዚያ ቀን ሦስት ዓመት በፊት ግድግዳው ረጥቦ ልስኑ ሲረግፍ፣ አሳዳሾቹ እኛ ነበርን፤ የኮሚቴው አፈ ጉባኤ ደግሞ ማን ሊሆን ነው? በፍቅር ነው ያደረግነው። አሮጌውን ልስን ፋቅን፣ አዲስ ለሰንን፣ የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም አስመጣን። ቀለሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሠዓሊው «ጋሼ ሙላት፣ እርስዎን የት ልሣልዎት?» ሲለኝ የመረጥኩት ከትልቁ በር በስተቀኝ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው እዚያ ነዋ! እዚያ ቦታ አንዲት የደበዘዘች፣ ነጠላ የለበሰች ሴትዮ ተኝታለች አለኝ። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አልኩ፦

«ስንት ዘመን ተኝታለች፤ አሁንስ ተነሥታ ትረፍ። ተራው የእኔ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሴትዮዋ ተፋቀች።

ታዲያ አሁን የሴትዮዋ ልጅ ከፊቴ ተቀምጣ፣ እህል ሳትቀምስ፣ እናቴን አሳየኝ ትለኛለች።

ደህና ሰው ቢሆን እዚያው ሻይ ቤት ውስጥ እውነቱን ይነግራቸው ነበር። እኔ ግን ደስ ያለኝን ዘዴ አመጣሁ፤ ቀኑን ሁሉ ሌላ ቦታ ሳዞራቸው ብውል ደክሟቸው ይመለሳሉ አልኩ።

«እማማ» አልኩ፣ «ያቺን ቤተ ክርስቲያን የሚከፍቱት ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያው የጉዛራን ግንብ ሳያዩ ቢሄዱ አገሩ ይቀየምዎታል።»

በሚኒባስ አዲስ ዘመንን አልፈን እንፍራዝ ደረስን፤ ከዚያ አቀበቱን በእግር። ዳገቱ ይጥላቸዋል ብዬ ነበር። እኔ እንደ ፈረስ ሳለከልክ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ከፊቴ ወጡ።

«አይዞህ ልጄ፣ ደረስን» ይሉኛል እንግዳይቱ ለአስጎብኚው።

ከግንቡ ሥር ስንደርስ ወሬዬን ጀመርኩ። የዚህ ግንብ ኖራ በስንት ሺህ ላም ወተት እንደተቦካ፣ ንጉሡ ከዚህ ሆኖ ሲያነጥስ ጎጃም ውስጥ ሰዎች «ይማርህ» ይሉ እንደነበር ተረክሁ። እማማ አልጋነሽ እጃቸውን በድንጋዩ ላይ እያሳለፉ አዳመጡኝ። ስጨርስ ጠየቁኝ፦

«ከዚህ ላይ የእናቴ አገር ይታያል?»

«ይታያል።»

«ለእኔ ጭጋግ ነው። አውራልኝ እስቲ።»

በሕይወቴ «ዝም በል» ያለኝን ሰው ልቆጥር ብል ቀኑ አይበቃኝም። «አውራልኝ» ያለኝ ሰው ግን ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።  ከዚያ ያለውን ብቻ ነገርኳቸው። ከታች ሜዳው ቢጫ መሆኑን፣ ሩዙ ታጭዶ ገለባው ቁልል ቁልል ሆኖ መቆሙን፣ ሐይቁ ከዳር እንደተወለወለ ብረት ማብረቁን፣ በመካከል ላሞች እንደ ተበተነ ባቄላ መታየታቸውን። አንድም ነገር አልጨመርኩም። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ያን ጊዜ ንገር ንገር አለኝ። አልተናገርኩም።

ይፋግ ስንመለስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ምግብ ቤት አስገባኋቸውና እኔ በላሁ። ዓይናቸው ባያይም ማኘኬን ይሰሙ ነበር። ከንፈራቸው ነጥቷል።

«እማማ፣ ትንሽ ቢቀምሱ ማርያም አትቆጣም።»

«ማርያምስ አትቆጣም። እኔ ነኝ የምቆጣ። እናቴ ለኔ ያለቻትን ጊደር ሰጥታለች፤ እኔ አንድ ቀን ጦሜን መዋል ያቅተኛል?»

«እንግዲያውስ ወንዛዬ እንሂድ። ፍል ውኃው ለዓይን መድኃኒት ነው፤ ዕውር ገብቶ ጋዜጣ እያነበበ ሲወጣ አይቻለሁ።»

እማማ አልጋነሽ ቦርሳቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው አቀፉ። ድምፃቸው አልጮኸም።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቦታውን አታውቀውም እንዴ? ካላወቅኸው አላውቀውም በል፤ ነውር የለውም። እኔ እየጠየቅሁ እሄዳለሁ።»

እንግዲህ ሌባ ቢሉኝ እችላለሁ። አያውቅም መባልን ግን ሆዴ አልቻለም። አያችሁ ሞኝነቴን!

«እኔ? እኔ አላውቅም? ዓይኔን ጨፍኜ እወስድዎታለሁ!» ብዬ ተነሣሁ። ከተነሣሁ በኋላ መቀመጥ የለም።

ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት ወሰደንና ከዚያ ወዲያ በእግር በታጨደው የሩዝ ማሳ ውስጥ ተጓዝን። ክንዴን ይዘዋል። ክብደት የላቸውም፤ ወፍ ክንዴ ላይ ያረፈች ይመስላል። ሜዳው ላይ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። እኔም፣ እኔ ሙላት፣ ያን ሁሉ መንገድ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

«ምነው ዝም አልህ?» አሉኝ።

«ደክሞኝ ነው።»

ጉብታው ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ሐይቁ አዘንብላ ነበር። ቁልፍ ያዡ ቄሰ ገበዝ ከወይራው ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ገና ከሩቅ አዩኝና ሳቁ።

«ኧረ ሙላት! ሥዕልህን ልትሳለም መጣህ?»

ሳል አፈነኝ። እንዲያ ያለ ሳል ሰው ስሎ አያውቅም፤ ላሞቹ ግጦሽ አቆሙ።

«የምን ሥዕል ነው?» አሉ እማማ አልጋነሽ።

«ቀልድ ነው እማማ። ቄሰ ገበዙ ቀልድ ይወዳሉ።»

ቄሰ ገበዙ በሕይወታቸው ቀልደው የሚያውቁ ሰው አይደሉም። እማማ የድንጋዩን ደወል በእጃቸው ሊዳስሱ ሲሄዱ ቄሱን ወደ ጎን ጎትቼ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ሰሙ። መስቀላቸውን አገላበጡ።

«ንገራቸዋ።»

«እንዴት ብዬ አባ?»

«እንደሆነው አድርገህ ነዋ።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እርስዎ ቄስ ነዎት።»

«የፋቅሃት አንተ ነህ። እኔም ዝም ብያለሁ፤ የኔን ዝምታ እኔ እጠየቅበታለሁ። በመቅደስ ደጅ ግን አልዋሽልህም። በሩን ከፍቼ እወጣለሁ፤ የቀረው ያንተ ነው።»

በሩን ከፈቱልንና ወጡ። ጫማችንን አወለቅን። ውስጡ ድንግዝግዝ ነው፤ በምዕራቡ በር ብቻ ቀይ ብርሃን እንደ ምላስ ገብቷል። እማማ አልጋነሽ ክንዴን ለቀቁ። መቅደሱን በእጃቸው እየዳበሱ ትልቁ በር ደረሱ፤ ወደ ቀኝ ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ ተንበረከኩ። ስልሳ ዓመት አልፎ ቦታውን አልሳቱትም።

እኔ እዚያ ተኝቻለሁ። በነጭ ነጠላ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ጉንጬ ሞልቶ፣ ጢሜ ተቀብቶ። ከሥሬ «በዚህች ሥዕል የተማፀነ ገብረ ኢየሱስ» ይላል፤ የክርስትና ስሜ ነው።

«እማማ...» አልኩ። ልነግራቸው ነበር፤ ማርያምን ልነግራቸው ነበር።

«ቆይ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን ከግድግዳው ጋር ሊያገናኙት ትንሽ ቀራቸው። ዓይናቸውን እንደ መርፌ ቀዳዳ አጥብበው አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ሳሙት። ሳሙኝ።

«እማዬ» አሉ፣ «አርጅቼ መጣሁብሽ። ይኸው ዕድሜዬ ያንቺን ሁለት እጥፍ ሆኗል።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«ፊቷ ሞላ ያለ ነው» አሉኝ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «እኔ ቀጭን ትመስለኝ ነበር። እንኳንም ቀጭን አልሆነች። የጥለቷ ቀለም አረንጓዴ ነው?»

«አረንጓዴ ነው።» እዚያ ውስጥ የተናገርኩት እውነት ይኸው ብቻ ነው።

«ከአፏ በላይ ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«የጧፍ ጥላሸት ነው እማማ።»

«ከሥሯ የተጻፈውን አንብብልኝ።»

ቀና ብዬ በሩን አየሁ። ቄሰ ገበዙ ጀርባቸውን ሰጥተው ወይራው ሥር ተቀምጠዋል። መሬቱ ቀዘቀዘኝ። የራሴን ስም በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል እየቆጠርኩ፣ እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦

«በዚህች ሥዕል የተማፀነች... ወለተ ሥላሴ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።  መዳፋቸውን በተሣለው ጉንጭ ላይ አሳርፈው ቆዩ፤ ያ በመርፌ የተበሳሳ አውራ ጣታቸው ከጉንጩ ወደ ግንባሩ ወጣ፣ ወረደ። እኔም ከኋላቸው ቆሜ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ኀፍረት? እሱስ ነበረ። ግን ፊቴን ሰው በእጁ ከነካው ስድስት ዓመቱ ነው። የራሴው ጉንጭ ሞቀኝ። በግድግዳ ላይ ያለ ሥዕሌን ቀናሁበት።

ስንወጣ ቄሰ ገበዙ አንድም ነገር አልጠየቁም። እማማን ባረኳቸው፤ እኔን መስቀል አሳለሙኝና ዓይኔን ሳያዩ በሩን ቆለፉ። እማማ ወይራው ሥር ተቀምጠው ከናዝሬት አቅፈው የመጡትን ቦርሳ ፈቱ። ዳቦ ነው። ቆርሰው ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ።

«ብላ ልጄ። ዛሬ አንተ ለኔ ዓይን ሆነሃል።»

ያን ዳቦ እስከ ዛሬ እያኘክሁት ነው።

በማግስቱ ወደ ናዝሬት ሄዱ። እኔም ከዚያ ወዲያ ደህና ሰው ሆንኩ ብዬ ልዋሽላችሁ ነበር፤ ግን ዛሬ ሳልዋሽ ልጨርስ ብያለሁ። በሳምንቱ ወደ ቄሰ ገበዙ ሄጄ «እኔን ፋቁና ሴትዮዋን መልሱ» አልኳቸው። «ሠዓሊው ምን አይቶ ይሣላት?» አሉኝ። «እኔ አስታውሳታለሁ፤ እነግረዋለሁ» አልኩ። ሠዓሊው መጥቶ እርሳሱን ይዞ ተቀመጠ። «እሺ ጋሼ ሙላት፣ ግንባሯ እንዴት ነበር?» አለኝ። አላውቅም። «አፍንጫዋስ?» አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት መቶ ጊዜ በፊቷ አልፌያለሁ፤ ለስንቱ ነጋዴ በጣቴ አሳይቻታለሁ፤ አንድ ቀን ቆሜ አላየኋትም። ነጠላ መልበሷን ብቻ ነው የማውቀው። ሠዓሊው ስሜን ብቻ በቀለም ሸፈነልኝና ሄደ። አሁን ከሥሬ ባዶ ነው።

ስለዚህ እናንተ በዓል ደርሶ፣ ጊዜ ተርፎ፣ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ልትጎበኙ ስትሄዱ፣ እንደ እኔ ያለ አፈኛ አስጎብኚ ንጉሡንና ፈረሱን ሲያሳያችሁ እሺ በሉት። ግን ዝቅ በሉና ከግርጌ የተኙትን ትንንሾቹን ሰዎች እዩ። ከእነሱ አንዷ፣ ሌላ ፎቶ የሌላት የማን እናት እንደሆነች አታውቁም። አድሱ ሲሏችሁም ከመፋቃችሁ በፊት ማናት ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ቀልድ አማረኝና አልጠየቅሁም።

በሰኔ እማማ አልጋነሽ ደወሉልኝ። «ጨለመ ሙላት» አሉኝ። «ሁለቱም ጨለመ። ግን አይክፋህ፤ ፊቷን ይዤዋለሁ። ስተኛ እሷን አያታለሁ፣ ስነሣ እሷን አያታለሁ።»

የሚያዩት እኔን ነው። የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት፣ ጢማም፣ አርባ ዘጠኝ ዓመት የሞላው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። «አውራልኝ» ይሉኛል፤ አወራላቸዋለሁ። ሜዳው ውኃ መሙላቱን፣ ጉብታው ደሴት መሆኑን፣ ሩዙ መታጨዱን። በመጨረሻም ሁልጊዜ «እናቴ ደህና ናት?» ይሉኛል፤ «ደህና ናት እማማ፣ ዛሬም ተሳልሜያታለሁ» እላለሁ።

ይህን ያነበበ ሁሉ «ሙላት ደግ ሰው ነው፣ ለአሮጊቷ አዝኖ ነው ዝም ያለው» ይላል። ለጓደኞቼም እንደዚያ ነው የማወራው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እውነቱን እስከ ዛሬ ያልነገርኳቸው ለእሳቸው አዝኜ ሳይሆን፣ ከነገርኳቸው እሑድ የሚደውልልኝ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።